ለቅሶ በፈረቃ

የፈረቃ ኃላፊ የሆንሁ ዕለት ናፍታሊ ሁለት ነገር ሰጠኝ፤ የመጋዘኑን ቁልፍና ሠራተኛው የሚደውልበትን አንድ አሮጌ ስልክ። ናፍታሊ የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ ነው፤ እዚህ እስራኤል ሁሉም በዕብራይስጥ ምናሄል ይለዋል። «ቁልፉ ቢጠፋ ሌላ ይቀረጻል። ስልኩን ግን እንዳታጠፊው» አለኝ። ሥልጠናው ይኸው ነበር። ነጩን ጋዋን አውልቄ ሰማያዊውን ለበስሁና ኃላፊ ሆንሁ።

በዚያው ሳምንት ማታ ማታ ኮሌጅ ጀመርሁ። ልጆቼ ሠራዊት ገብተው ቤቱ ጭር ብሎ ነበር፤ ባለቤቴ «አንች ሴት፣ አሁን ካልተማርሽ መቼ ልትማሪ ነው?» ብሎ ይዞኝ ሄዶ አስመዘገበኝ። የቢዝነስ ዲግሪ ነው፤ ከኮርሶቹ አንዱ አስተዳደርና መሪነት ይባላል። ከሠራዊት ወጥተው ህንድን ዞረው በተመለሱ ልጆች መሐል ተቀመጥሁ። አንዷ ልጅ መምህርቷ መስያት «ዛሬ ቶሎ ትለቂናለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እውነተኛዋ መምህርት ዶክተር ሩት በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ገብታ ቦርሳዋን ከማስቀመጧ «መሪ ማለት ምንድን ነው?» አለች። አንዱ ራእይ ያለው ነው አለ፤ ሌላው ሰው የሚከተለው ነው አለ። እኔ በሆዴ «ስልኩን የማያጠፋ» አልሁ።

ሥራችንን ለማያውቅ ልንገረው። ከሆቴሎችና ከአረጋውያን ቤቶች ያደፈ አንሶላ በጋሪ ይመጣል። መለያው ላይ ነጩ ለብቻ፣ ባለቀለሙ ለብቻ፣ ደም የነካው ለብቻ ይለያል። ከዚያ ማጠቢያ፣ ከዚያ መጭመቂያ፣ በመጨረሻ መተኮሻ። መተኮሻው ትልቅ ማሽን ነው። ሁለት ሰው ከፊት ቆሞ የአንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዞ ያጎርሰዋል፤ ሁለት ሰው ከኋላ ተቀብሎ ያጣጥፋል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ መተኮሻው ይቆማል። እሱ ከቆመ እርጥቡ አንሶላ ይከማቻል፤ ከዋለ ይሸታል፤ እንደገና ይታጠባል። ስለዚህ የፈረቃ ኃላፊ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚያየው መተኮሻውን ነው።

የጠዋቱ ፈረቃ አብዛኛው የኛው ሰው፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተ እስራኤል ነው፤ ከክርያት ሞሼና ከክፋር ማርሞሬክ ሰፈሮች። ከመተኮሻው ፊት የምትቆመው ስንዱ ናት፤ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ እጇም አፏም የማያርፍ። ማጠቢያዎቹን የሚሞሉት አያ ታከለ ናቸው። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ፤ በሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣላ ሽማግሌ ሆነው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ጣጣ የመጣው በዚያው ስልክ ነው። ክርያት ማላኺ ከተማ አንድ ሰው ሞተ፤ ቀብሩ ረፋዱ ላይ ነው። ጫማየን ሳላስር ስልኩ ጮኸ፤ «እቴ አለም፣ ዛሬ አልመጣም»። ዘጋሁት፤ ደግሞ ጮኸ፤ «እቴ አለም፣ እኔም»። ፋብሪካው ስደርስ ከመተኮሻው ፊት አንድ ሰው የለም። ከሩሲያ የመጡ ሁለት ሴቶች ብቻ ጋሪ ተደግፈው ያዩኛል።

ናፍታሊ መጣ። «ማን ሞተ?»

«የአያ ታከለ የአጎታቸው ልጅ የሚስቱ ወንድም።»

«ስንዱስ ምኑ ናት?»

«ያገሩ ልጅ ናት።»

«አገር ስትይ ኢትዮጵያ?»

«ኧረ! አንድ ወንዝ ነው የሚጠጡት።»

ናፍታሊ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። ክፉ ሰው አይደለም። ሲናደድ ድምፁ ይወርዳል እንጂ አይጮህም። «አባቴ ሲሞት» አለኝ፣ «ከዚህ ፋብሪካ ሺቫ የመጣው ሁለት ሰው ነው። አንደኛው ፊርማ ፈልጎ ነበር።» ሺቫ ከቀብር በኋላ ቤት የሚቀመጡበት ሰባት የሐዘን ቀን ነው።

የኛ ዘመድ ብዙ ነው፤ ሰው ደግሞ ይሞታል። መተኮሻው ደጋግሞ ቆመ። ሆቴሎቹ ያለ አንሶላ አደሩና ጮኹ። አንድ ቀን ናፍታሊ ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። «እስከ ሮሽ ሀሻና እጠብቃለሁ» አለ፤ እስከ አይሁድ አዲስ ዓመት ማለቱ ነው። «እስከዚያ መላ ካልተገኘ የጠዋቱን ፈረቃ እንዳለ ለሰው ኃይል ኩባንያ እሰጣለሁ። እነሱ ሰው ይልኩልኛል። ዘመድ ይኑረው አይኑረው አልጠይቅም፤ ብቻ ይምጣ።»

ስንዱ ይህን ሥራ ብታጣ ልጆቿን ምን ታበላለች? አያ ታከለን በዚያ ዕድሜያቸው ማን ይቀጥራል? ወጣሁና ለማንም ሳልናገር ሥራየን ቀጠልሁ። ሰው አላስደነግጥም ብየ ነው።

ኮሌጁ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከሥራ ቦታችሁ አንድ ችግር ይዛችሁ መፍትሔ አምጡ ብሎ የሴሚስተር ሥራ ሰጠን። እኔስ ችግር ሞልቶኝ! ከመጽሐፉ ላይ ከሥራ መቅረትን የሚመለከተውን ምዕራፍ አነበብሁ፤ ግልጽ ደንብ አውጣ፣ ለሁሉም እኩል አስፈጽም ይላል። እኔም ደንብ አወጣሁ። አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ ባል ወይም ሚስት የሞተበት ሺቫውን ይቀመጣል። ከዚያ ውጭ ለቅሶ የሚሄድ ከአንድ ቀን በፊት ያስፈቅዳል።

ጠዋት ፈረቃውን ሰብስቤ አነበብሁላቸው። ስንዱ እጇን አወጣች። «ከአንድ ቀን በፊት ስትይ፣ ሟቹ ቀድሞ ይደውልልን ነው?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ደንቡ ደንብ ነው አልሁ። «እሺ» አሉ። ሁሉም እሺ አሉ። ደስ ብሎኝ ለናፍታሊ ተስማምተዋል አልሁት። እሺ የተባለው እኔን ፊት ለፊት ላለማሳፈር መሆኑን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ፤ እናቴ ዕድሜ ልኳን ለሐኪሙ እሺ እያለች ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ታጠራቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር አሁንም ያስቀኛል። ስንዱ ወንድሟ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ወንድሟ ሞተ። ሦስተኛው ሲሞት ናፍታሊ «ይህች ሴት ስንት ወንድም ነው ያላት?» አለኝ። በኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ወንድም ነው፤ አብሮ ያደገም ወንድም ነው፤ ስንዱ አልዋሸችም። ሌሎቹ የሐኪም ወረቀት ማምጣት ጀመሩ፤ ቀብር በሆነ ቁጥር ወገብ ይታመማል። አያ ታከለ ብቻ እንደሌላው አላደረጉም። ጠዋት መጥተው ከፊቴ ቆሙና «እኔ እሄዳለሁ፤ አንችም ቅጭኝ። ሁለታችንም የየራሳችንን እንሥራ» ብለውኝ ሄዱ። መተኮሻውም ቆመ።

ደንቤን ይዤ ክፍል ፊት ቆምሁ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ዶክተር ሩት ግን አላጨበጨበችም። እግሯን አጣምራ ስትሰማኝ ቆየችና «ሠርቷል?» አለች።

«አልሠራም።»

«ለቀብር ሲሄዱ ልጆቻቸውን ከመዋዕለ ሕፃናት ማን ያመጣል?»

«ከቤቱ አንድ ሰው ይቀራል እንጂ!» አልሁ ሳላስብ። «ሁሉም አይሄድም። ከአንድ ቤት አንዱ ቀብር ከሄደ ቤቱ እንደሄደ ይቆጠራል። የቀረው በሺቫው ቀናት ተራ በተራ ለቅሶ ይደርሳል።»

«ማን እንደሚሄድ ማን ይወስናል?»

«ይነጋገራሉ። ከሟቹ ጋር የሚቀራረበው ይሄዳል።»

ዶክተር ሩት ከወንበሯ ተነሣች። «ታዲያ አለም፣ ቤታችሁ ውስጥ ይህን ያህል ጥሩ አሠራር ካለ ፋብሪካው ውስጥ ለምን ሌላ አመጣሽ?» አለችኝ። አውቶቡስ ላይ ተቀምጨ፣ መውረጃየን አልፌ፣ ሌላ ፌርማታ ድረስ ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ ሄድሁ። እኔ አስተዳደርን ኮሌጅ ውስጥ ያለ ነገር አድርጌ ነበር የያዝሁት። ደስታም ንዴትም ያዘኝ።

ነገሩ ግን በእኔ አዋጅ የሚሆን አይደለም። ፈረቃው እንደ አንድ ቤት ይሁን፣ ሁለት ሰው ስለ ሁላችን ይሂድ ብል ስንዱ ትስቅብኛለች። ባለ ለቅሶ ደግሞ የመጣውን ፊት ያያል፤ የቀረውን ይቀየማል። የኛ ሰው ቅያሜ ደግሞ በዋዛ አይወጣም። ይህን ሊያስማማ የሚችል አንድ ሰው ነበር።

ሰንበት ከሰዓት በኋላ ክርያት ሞሼ በእግሬ ሄድሁ። አያ ታከለ ከሕንፃቸው በታች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ታከለ?»

«ይመስገን። ምነው ልጄ፣ በሰንበትም ሥራ አለ?»

አጠገባቸው ተቀምጨ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የሰው ኃይል ኩባንያውን፣ የሮሽ ሀሻናውን ቀጠሮ። «ይህን እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽን?» አሉ።

«እንዳትደነግጡ ብየ ነው።»

«ደንግጠን ብናውቀው ይሻል ነበር» አሉ። ልክ ናቸው።

ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኋቸው። ሳቃቸው መጣ። «ለቅሶ በፈረቃ! ጎንደር ያሉት ሙታን ቢሰሙ ምን ይላሉ? ታከለ ለሞትም ምሽመሬት አወጣ ይበሉኝ?» ምሽመሬት ፈረቃ ማለት ነው በዕብራይስጥ፤ ሲያሾፉ ዕብራይስጡ ይቀናቸዋል። ከዚያ ሳቁን ተዉት። «ቅያሜውስ?»

«እሱን ነው አንቱ ዘንድ ይዤ የመጣሁ። እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? አንቱ ለቅሶ ቤት ቆመው ‹የመጣነው ስለ ሁላችንም ነው› ካሉ ግን የሚቀየም የለም።»

በነገሩ ተስማምተው የራሳቸውን ጨመሩ። የሥጋ ዘመድ የሞተበት ያለ ምንም ጥያቄ ይሂድ። ሥራ ላይ የቀረውም በዚያው ቀን ይድረስ፤ ፈረቃው ሲያልቅ ፋብሪካው በመኪና ያድርሰው። «ሌላው ደግሞ አንች ነሽ» አሉኝ። «አንችም ተራ ይድረስሽ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አንች ማሽን ስትጠብቂ ከዋልሽ ኃላፊ አይደለሽም፤ ዘበኛ ነሽ።» ቃል ገባሁላቸው።

ናፍታሊ መኪናውን በቀላሉ አልሰጠኝም። «የምመራው ፋብሪካ ነው ወይስ የሐዘን አውቶቡስ?» አለ። አንሶላ ማመላለሻው ከሰዓት በኋላ ባዶውን ቆሞ እንደሚውል አስታወስሁት። እያጉረመረመ «እስከ በዓሉ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝ። እኔም በማግሥቱ ፈረቃውን ሰብስቤ ስለ ኩባንያው ሁሉንም ነገርኋቸው። በዚህ ጊዜ እሺ ያለ የለም። ጮኹብኝ፣ ጠየቁኝ፣ እርስ በርሳቸው ተከራከሩ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሊይዝ ነው ያልሁት።

የመጀመሪያው ሙከራ ለመምጣት ብዙ አልቆየም። ክርያት ሞሼ አንዲት አሮጊት ዐረፉ። አያ ታከለና አንዲት ሴት ቀብር ሄዱ። ስንዱ መተኮሻው ላይ ቀረች፤ አንሶላውን እያጎረሰች እንባዋ ይወርዳል። «አንች፣ አታርጥቢው፤ እንደገና ልናጥበው ነው» አላት ከኋላ የሚያጣጥፈው። እያለቀሰች ሳቀች። ለቅሶ ቤት እንደተፈራው ሆነ፤ «ስንዱ የት አለች?» ተባለ። አያ ታከለ ተነሥተው «እኛ የመጣነው ስለ ሁላችን ነው። ሌሎቹ እንጀራቸው ላይ ናቸው፤ ፀሐይ ሳይገባ ይመጣሉ» አሉ። ፈረቃው አልቆ መኪናው ሲደርስ ስንዱ ከበሩ ጀምራ ጮኻ ገባች። የሷ ድምፅ የቀረችበትን ሰዓት ሁሉ አካካሰው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልሰመረም። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች እኔ ልሂድ እኔ ልሂድ ብለው ተኳርፈው ዋሉ። አንድ ጊዜ መኪናው ተበላሽቶ ወደ አስዶድ ከተማ ስንሄድ መንገድ ላይ አመሸን። መተኮሻው ግን አልቆመም። ያም ሆኖ ናፍታሊ ውሳኔውን አልነገረኝም። ይባስ ብሎ ከበዓሉ በፊት የሰው ኃይል ኩባንያው ሰውየ መጥቶ ማሽኖቹን ዞሮ ሲያይ አየነው። ስንዱ ገላመጠችውና «ምን አጣህ፣ ወንድሜ?» አለችው።

ሮሽ ሀሻና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሆቴሎቹ እንደ ጉድ ሲልኩ፣ ጋሪው እስከ ውጭ በር ተሰልፎ ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ። ናፍታሊ ነው። ድምፁ ወርዷል። «አልመጣም። እናቴ ሞተች። ፈረቃውን ያዥ» አለና ዘጋው።

ሁሉንም መተኮሻው ዘንድ ሰብስቤ ነገርኋቸው። ሁሉም ወደ አያ ታከለ አየ። እጃቸውን በጋዋናቸው ጠረጉና «የቤታችን ሰው አይደለም እንዴ?» አሉ። «እኔና አለም ቀብር እንሄዳለን። ሌላው በሺቫው በየተራው።»

እኔ እንዴት ብየ? እንዲህ ባለ ቀን ኃላፊ ፈረቃውን ጥሎ ይሄዳል? ፈራሁ። በዚያ ቀን መተኮሻው ቢቆም ሁሉም ነገር አበቃ። አያ ታከለ ግን ቆመው ያዩኛል፤ ቃሌን ሰጥቻቸዋለሁ። ኮሌጅ ውስጥ ሥልጣን ማካፈል የሚባል ምዕራፍ ተፈትኘ ጥሩ ነጥብ አግኝቻለሁ፤ ስልኩን ግን አንድ ቀን ለሰው ሰጥቸ አላውቅም። አውጥቸ ከመጋዘኑ ቁልፍ ጋር ለስንዱ ሰጠኋት። «እንዳታጠፊው» አልኋት። ስንዱ በሁለት እጇ ተቀብላ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ አልነበረም። ናፍታሊ ከሩቅ አየንና መጣ። የመጀመሪያ ቃሉ «መተኮሻው ላይ ማን አለ?» የሚል ነበር።

«ስንዱ።»

«ቁልፉስ?»

«እሷ ጋ ነው።»

«ጥለሽው መጣሽ?»

«ጥየው አይደለም፤ ሰጥቸ ነው የመጣሁ» አልሁት። አያ ታከለ እጁን ያዙና «እግዚአብሔር ያጽናህ። የመጣነው ስለ ሁላችን ነው» አሉት በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው። «ቤሰደር» አለ፤ እሺ፣ መልካም ማለት ነው።

በሺቫው በየቀኑ ከፈረቃው ሰው ሄደ። ሩሲያውያኑም ተራ ያዙ፤ የመኪናው ሾፌርም ሄደ። የናፍታሊ እህት በር እየከፈተች «እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?» ስትለው «የጠዋቱ ፈረቃ» ይላት ነበር። በመጨረሻው ቀን ስንዱ ደረሰች። እሷ ደግሞ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ቤት ነው ብላ ለቅሶዋን አትቀንስም፤ ከደረጃው ጀምራ እንደ አገሯ ጮኻ ገባች። የቤቱ ሰው ደንግጦ ተነሣ። ያን ጊዜ ቀብር ላይ እንኳ ያላለቀሰው ናፍታሊ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ስንዱ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻውን ይዛ አብራው አለቀሰች።

ሥራ በተመለሰ ጠዋት ቢሮው አልገባም። ቀጥ ብሎ መተኮሻው ዘንድ ሄዶ ቆመ። አንሶላው ሲገባና ሲወጣ አየ። «እኔ ሳልኖር ስንት ጊዜ ቆመ?» አላት ስንዱን።

«አልቆመም።»

«አንድም ጊዜ?»

«ምነው፣ ምን እንሁን ብለን?» አለችው።

ናፍታሊ ወደ እኔ ዞረ። «ለኩባንያው ደውየ አያስፈልግም ብያለሁ። መኪናውንም ያዡት» አለና ሄደ። ስንዱ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። አያ ታከለ ከማጠቢያው ዘንድ «ያላ፣ በሉ፣ አንሶላው ይቃጠላል!» ብለው ጮኹ፤ የሳቸውም ዓይን ቀልቷል።

ዲግሪየን ጨርሻለሁ። ዛሬ በፋብሪካው አዲስ የፈረቃ ኃላፊዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ፤ የሌሊቱ ፈረቃ ኃላፊ ስንዱ ናት። ለአዲሶቹ የምላቸው አጭር ነው። ሰው የማይተወውን ነገር ደንብ አውጥታችሁ አትከልክሉት፤ ሥራው ውስጥ ቦታ ስጡት። ችግሩን አትደብቋቸው። እሺ ሲሏችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ስልኩንም ለሌላ ሰው መስጠት ልመዱ።